ንጉሥም ካህንም የነበረው የላስታ ሰው፦ ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር ከአገራችን አራቱም ማዕዘናት የሚነሡ ምእመናን ጉዟቸውን ወደ ላስታ ያቀናሉ። አብዛኞቹ ዐይናቸውን የሚጥሉት በላሊበላ ከተማ ላይ ነው። በቤተ ማርያም ቅጽር ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ እያሉ የሚያሸበሽቡበትን ሥርዓት ለማየት ቀናት በእግር የተጓዙ አረጋውያን፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና መቋሚያ የያዙ መነኰሳት በአንድነት ይሰበሰባሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ከእነዚህ ተሳላሚዎች ውስጥ ብዙዎቹ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው ሌላ መንገድ ይጀምራሉ። መድረሻቸው ከላሊበላ ዘመን አስቀድሞ የነገሠና የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ በቅድስና የሚያስበው የይምርሐነ ክርስቶስ ደብር ነው።

መንገዱ በብልባላ በኩል ያልፋል። ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ስትሆን በአካባቢዋ ከዐለት የተፈለፈሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ብልባላ ቅዱስ ጊዮርጊስ በውስጡ ንቦች የሚኖሩበትና ምእመናን ማሩን ለፈውስ የሚቀበሉበት ነው። ብልባላ ቅዱስ ቂርቆስ ደግሞ በጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎቹ ይታወቃል። እነዚህን የተሳለመ መንገደኛ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ያመራል። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 200 ሜትር ይበልጣል። ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያኑን የሠራበት ዋሻ በዚሁ ተራራ ወገብ ላይ፣ የጽድ ዛፍ በሸፈነው ገደል ሥር፣ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። የቦታው ጥንታዊ ስም ውግረ ስሂን ይባላል፤ የዕጣን ኮረብታ እንደ ማለት ነው።

የዚህ ሰው ስም ራሱ ጸሎት ነው። መርሐ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ክርስቶስ ይምራን፣ መንገዱንም ያሳየን የሚል ነው። ለንጉሥ እንዲህ ያለ ስም መውጣቱ ያስደንቃል። ሌሎችን ይመራ ዘንድ የተሾመ ሰው፣ ተመሪ መሆኑን ስሙ በተጠራ ቁጥር ይሰማል ማለት ነውና።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት በላስታና በዋግ ምድር ላይ መሠረቱን የጣለ ሲሆን የታሪክ ሊቃውንት ዘመኑን በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1137 እስከ 1270 ያደርጉታል። በአገር ውስጥ ትውፊት ግን ዘመኑ ከዚህ እጅግ ይረዝማል፤ 333 ዓመት የሚለው ቁጥር በብዙ ጽሑፎች ይገኛል። ከዚህ ሥርወ መንግሥት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አራቱን ነገሥታት በቅድስና ታስባቸዋለች፤ እነርሱም ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም ተብሎ የሚጠራው ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኵቶ ለአብ ናቸው። በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ አራት ቅዱሳን ነገሥታት በተከታታይ መነሣታቸው በየትኛውም አገር ታሪክ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

የሕይወቱን ታሪክ የምናገኘው በመጀመሪያ ከገድሉ ነው። ገድሉ በግእዝ የተጻፈ ሲሆን ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ዘመን በኋላ የተዘጋጀ ነው። ጣሊያናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ፓኦሎ ማራሲኒ እ.ኤ.አ. በ1995 ከነትርጓሜው አሳትሞታል። ገድል ዜና መዋዕል አይደለም። ዓላማው አንባቢውን በቅዱሱ ምሳሌ ማነጽ እንጂ ቀንና ዓመት መቁጠር አይደለም። ስለሆነም ከዚህ በታች የምንተርከው አንዳንዱ ነገር የታሪክ ማስረጃ ያለው፣ አንዳንዱም የምእመናን እምነትና ትውፊት መሆኑን አንባቢ በልቡናው ይያዝልን።

ገድሉ እንደሚያስረዳው ይምርሐነ ክርስቶስ የግርማ ስዩም ልጅ ነው። በዛጉዌ ቤት ዙፋን ሁልጊዜ ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ አይወርድም ነበር። ወንድም ለወንድም፣ አጎት ለወንድም ልጅ ሲተላለፍ ይታያል። ይህ ዐይነቱ ሥርዓት አንድ ትልቅ ጣጣ ነበረው። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ሰው የወንድሙን ልጅ ባየ ቁጥር ተተኪውን ብቻ ሳይሆን ባላንጣውንም ያያል። የይምርሐነ ክርስቶስም የልጅነትና የወጣትነት ዘመን በዚሁ ጥላ ሥር አለፈ። በዙፋኑ ላይ የነበረው አጎቱ ጠንጠውድም ይህ ብላቴና አንድ ቀን እንደሚነግሥ የሚያመለክት ትንቢት በሰማ ጊዜ ሊያጠፋው እንደ ፈለገ፣ ብላቴናውም ሸሽቶ እንደ ተሰወረ ይተረካል።

እዚህ ላይ ለአጎትየውም ፍትሕ መስጠት ይገባል። ጠንጠውድም በገድሉ አሳዳጅ ሆኖ ይታይ እንጂ በሰሜን ትግራይ ለሚገኘው ለዑራ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ርስት የሰጠ ንጉሥ መሆኑን የሚመሰክር ሰነድ አለ። ይህም ማለት አሳዳጁም እንደ ተሳዳጁ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ሁለቱንም ያጣላቸው ሃይማኖት አልነበረም፤ ዙፋን ነበር። እንዲያውም ታሪኩን ክብደት የሚሰጠው ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያንጽና ርስት የሚያድል እጅ፣ ሥልጣኑ የተነካ በመሰለው ጊዜ ወደ ሰይፍ ሊዘረጋ ይችላል።

የተሰደደው ብላቴና ሠራዊት አላሰባሰበም። ገድሉ የሚነግረን ቅስና እንደ ተቀበለና በምናኔ እንደ ኖረ ነው። በተሰወረበት ቦታ ጾምና ጸሎት ያዘ፤ ቅዳሴም ይቀድስ ነበር። ለቍርባን የሚሆን ስንዴም ሆነ ወይን በማያገኝበት ጊዜ ኅብስቱና ጽዋው ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ይታመናል። በኋላም አጎቱ ሲሞት የአገሩ ሰዎች ፈልገው አግኝተውት አነገሡት። በደም አልነገሠም፤ ያሳደደውንም ሰው ሞት አልቸኰለበትም። ጠብቆ ነገሠ ለማለትም አያስደፍርም፤ የቅስናውን ሥራ ይዞ ሳለ መንግሥት መጣችበት ማለት ይሻላል።

ይህ የቅደም ተከተል ነገር ቀላል አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ንጉሡ ዖዝያን በኃይሉ በታበየ ጊዜ ወደ መቅደስ ገብቶ በገዛ እጁ ሊያጥን ተነሣ። ካህናቱ ቢከለክሉት ተቈጣ፤ በዚያው ቅጽበት በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በተለየ ቤት ተቀመጠ። ንጉሥ ሆኖ ሳለ ክህነትን የነጠቀ ሰው ፍጻሜው ይህ ነው። በሌላ በኩል በአብርሃም ዘመን የነበረው የሳሌም ንጉሥ መልከ ጼዴቅ ንጉሥም ካህንም ሆኖ ኅብስትና ወይን ይዞ ወጥቷል። የላስታ ካህናት ይምርሐነ ክርስቶስን ከመልከ ጼዴቅ ጋር የሚያነጻጽሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እርሱ በዙፋኑ ኃይል ወደ መቅደስ አልገባም። ከመቅደስ ወጥቶ ወደ ዙፋን ሄደ፤ ዙፋን ላይ ከተቀመጠም በኋላ መቅደሱን አልተወም።

ንጉሥና ካህን በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው በጊዜው በውጭ አገር ሰዎች ዘንድም የታወቀ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በግብፅ ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በዐረብኛ የተጻፈ፣ ለረጅም ጊዜ የአቡ ሳሊሕ ሲባል የቆየና ዛሬ ሊቃውንት ከአቡል መካሪም ጋር የሚያያይዙት መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት አንድ ታላቅ ነገር ይነግረናል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉም ካህናት እንደ ሆኑ፣ በመቅደስ ውስጥም ቅዳሴ እንደሚቀድሱ ይገልጻል። ሆኖም አንድ ገደብ አለው። ንጉሡ ይህን ማድረግ የሚችለው በገዛ እጁ ሰው እስካልገደለ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሰው የገደለ ዕለት ከቅዳሴ ይወጣል።

ይህን ገደብ በጥሞና ልናየው ይገባናል። ያን ዘመን የነበረ ንጉሥ ጦር መሪ ነው፤ ዳኛም ነው። ሽፍታ ይነሣበታል፤ ግብር እምቢ የሚለው ባላባት ይኖራል፤ ከዘመዶቹም መካከል ዙፋኑን የሚመኝ አይጠፋም። ሰይፉን ከሰገባው ለማውጣት ምክንያት የሚያጣበት ቀን አልነበረም። እንዲህ ያለው ሰው ሰኞ በቍጣ እጁን ያነሣ እንደ ሆነ እሑድ ከመንበሩ ፊት ሊቆም አይችልም። ሌላ ከልካይ አያስፈልገውም። ማንም አማካሪ፣ ማንም ጳጳስ ሳይገሥጸው የራሱ እጅ ከመሠዊያው ታግደዋለች። የንጉሡን ሥልጣን የሚገታ ሸንጎ ባልነበረበት ዘመን፣ ንጉሡ የኃይሉን ገደብ በየዕለቱ በቅዳሴ ውስጥ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። በዚህ ንጉሥ ዘንድ ግን ቃሉ እጅን ከደም የመጠበቅ ተጨባጭ ሥራ ነበረ።

ከዚህም ሌላ ቅዳሴ ራሱ የዕለት ተዕለት ልጓም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለመቀደስ የሚገባ ካህን ከዋዜማው ጀምሮ ከእህልና ከውኃ ይከለከላል፤ ከሥጋዊ ፈቃድም ይታቀባል፤ ቂም የያዘበት ሰው ካለ አስቀድሞ ይታረቃል። በአጽዋማት ቀናት ደግሞ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚዘገይ ጾሙ እየረዘመ ይሄዳል። ቅዳሴ የሚያዘወትር ንጉሥ እንግዲህ በማታ ግብር ከመኳንንቱ ጋር ጠጅ ሲጠጣ ሊያመሽ አይችልም። የቤተ መንግሥት ግብር የንጉሥ ክብር መለኪያ በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም በሥርዓታችን አንድ ካህን ብቻውን አይቀድስም፤ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ሊኖሩ ይገባል። በውጭ በፊቱ ሁሉ የሚሰግድለት ንጉሥ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ከአምስቱ አገልጋዮች አንዱ ብቻ ነው።

እርሱ ሰማያዊውን ኅብስት የሚቀበልበትን ምሥጢር በተመለከተ ከገድሉ ሌላ አንድ የውጭ ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በአገራችን ሲቆይ ላስታን ጎብኝቶ ነበር። ያየውንና የሰማውን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን ታትሟል። አልቫሬዝ ዋሻውን ባየ ጊዜ በስፋቱ ተደንቆ ሦስት ትልልቅ መርከቦች ከነተራዳቸው ይይዛል ሲል ገምቷል። የንጉሡን ስም አብርሃም ይለዋል። ለ40 ዓመት ካህን ሆኖ ዕለት ዕለት እንደ ቀደሰ፣ መላእክትም ኅብስትና ወይን ያመጡለት እንደ ነበር ከካህናቱ ሰምቶ ጽፏል። በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ንጉሡ በልብሰ ተክህኖ ሆኖ፣ በመስኮት በኩልም ኅብስትና ጽዋ የያዘች እጅ ስትዘረጋለት የሚያሳይ ሥዕል ማየቱን ይተርካል። አልቫሬዝ በላስታ ምድር ከቆመበት ጊዜ እስከ ንጉሡ ዘመን ከ300 ዓመት በላይ ርቀት ነበር። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ትውፊቱ ጸንቶ፣ ከገድሉ ጋርም በአንድ ቃል ሲስማማ መገኘቱ ልብ የሚባል ነው።

ይኸው የውጭ አገር ቄስ ስለ ንጉሡ አስተዳደር የጻፈው ነገር ከተአምራቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ይመስለናል። ንጉሡ ከገባሮቹ ግብር አይቀበልም ነበር ይለናል። በፈቃዱ ያመጣ ሰው ሲኖር ያመጣው ሁሉ ለድሆች እንዲከፋፈል ያዝ ነበር። እርሱ ራሱ የሚኖረው ግን በትእዛዙ ከሚታረሰው እርሻ በሚገኘው እህል ነበር። የግብሩ ነገር በዘመኑ ምን ማለት እንደ ነበር የላስታን መሬት ያየ ሰው ያውቀዋል። ገደላማ፣ ድንጋያማና በዝናብ ላይ የተመሠረተ አገር ነው። ገበሬው ከአውድማው ላይ የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ ከዚያች ጥቂት ላይ ለቤተ መንግሥት፣ ለአገረ ገዥ፣ ለጭፍራ እየተባለ ሲወሰድበት የሚቀረው ይታወቃል። ንጉሡ በራሱ ማዕድ ላይ ያደረገው ቁጥብነት በገበሬው ጎተራ ላይ ታየ። ራስን መግዛት የመነኰሴ ብቻ ጉዳይ ተደርጎ በሚታሰብበት ዘንድ ይህ መታወስ አለበት፤ የገዥ አለመጐምጀት የተገዥ እንጀራ ነውና።

ገድሉ በበኩሉ ንጉሡ ሕዝቡን በሐዋርያት ሥርዓት እንዳስተዳደረ ይናገራል። በተለይም አንድ ወንድ በአንዲት ሚስት ጸንቶ እንዲኖር ማስተማሩ ይወሳል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሚስት ማግባት በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ዘንድ የክብርና የወገን ማብዣ መንገድ ነበር። በዚህ ላይ ያነጣጠረ ትምህርት ባላባቱን በቤቱ ውስጥ የሚነካ ነው፤ ከንጉሥ አፍ መምጣቱም ትምህርቱን ከስብከት በላይ ያደርገዋል። ቀድሞ ራሱን ያልገዛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለሌላው ለማዘዝ ድፍረት አይኖረውም።

ከአልቫሬዝ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር ለማስማማት የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። የንጉሣውያን ልጆች፣ ከአልጋ ወራሹ በቀር፣ በተራራ ላይ ተዘግተው እንዲጠበቁ የሚያዘው ልማድ የተጀመረው ለዚሁ ንጉሥ በሕልም በተገለጠለት ትእዛዝ ነው ይላል። ይህ ልማድ በኋላ ዘመን በአምባ ግሸን ላይ ጸንቶ መቆየቱ የታወቀ ነው። ጅማሬው በእርግጥ የእርሱ ይሁን ወይም የኋለኛው ዘመን ሰዎች ልማዳቸውን በቅዱስ ንጉሥ ስም ለማክበር የሰጡት ይሁን፣ ታሪኩ በእርሱ ላይ መለጠፉ ያለ ነገር አልሆነም። በአጎቱ ሲታደን ያደገ ሰው ስለ ዙፋን ሽኩቻ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ወንድም የወንድሙን ደም ከሚያፈስ አጥር ይሻላል የሚል ሐሳብ ከእንዲህ ያለ ልጅነት ሊወለድ ይችላል። በተራራው ላይ ሳያጠፉ ለታጐሩት ልጆች ግን አጥሩ አጥር ሆኖ አልታያቸውም፤ ሰላሙ የተገዛው በእነርሱ ዕድሜ ነበር። የቅዱሳንን ታሪክ ስንጽፍ እንዲህ ያለውን ገጽ መዝለል አይገባም ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ዋሻው እንመለስ። በገድሉና በአካባቢው ትውፊት መሠረት ንጉሡ በሌላ ቦታ ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ወደ ውግረ ስሂን እንዲሄድ በራእይ ተነገረው። ቦታው ቀድሞ የባዕድ አምልኮ የሚፈጸምበት እንደ ነበርና ንጉሡ በኃይል ሳይነጥቅ ከባለቤቱ በዋጋ እንደ ገዛው ይነገራል። ይህች የመግዛቷ ነገር በትረካው ውስጥ ብዙ ጊዜ በችኰላ ትታለፋለች። አገሩ በሙሉ የእርሱ የሆነ ንጉሥ፣ ያውም ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ፣ ያውም ከጠንቋይ፣ በዋጋ ገዛ መባሉ ግን ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

የዋሻው ወለል ውኃ የሞላው ረግረግ ነበር። ያን ውኃ በግንድ፣ በአፈርና በጭድ ደልድለው ሕንፃውን በላዩ እንዳቆሙት ካህናቱ ያስረዳሉ፤ ከሥሩ ዛሬም ውኃ እንዳለ በዋሻው ውስጥ ለሚገባ ተሳላሚ ይነግራሉ። ለሕንፃው የሚሆነው ምርጥ እንጨት ከግብፅ እንደ መጣም በትውፊት ይነገራል።

ሕንፃው እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈለ አይደለም። በዋሻው ውስጥ ተገንብቶ የቆመ ነው። አሠራሩም የአክሱምን ጥበብ የተከተለ ሆኖ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ ኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ ወደ ላይ ይወጣል። ከሩቅ ያየው ሰው ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለበት ሸማ የተዘረጋ ይመስለዋል። መስኮቶቹ በመስቀልና በልዩ ልዩ ሐረግ የተፈለፈሉ ናቸው። የውስጡ ጣራ በእንጨት ገበታዎች የተሠራ ሆኖ በቅርጻ ቅርጽና በቀለም ያጌጠ ነው፤ እንስሳትና አዕዋፍም ተሥለውበታል። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በአገራችን ከሚገኙት ጥንታውያን የግድግዳ ሥዕሎች ውስጥ የሚቈጠሩ ናቸው። ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው በመሆኑ ከ800 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው እንጨት እስከ ዘመናችን ሊደርስ በቅቷል። ለረጅም ዘመን ከነደደው ጧፍና ዕጣን የተነሣ ግን ሥዕሎቹ በጥላሸት ደብዝዘዋል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በዚያው ዋሻ ውስጥ በተመሳሳይ አሠራር የቆመ ሌላ ቤት አለ። የንጉሡ መኖሪያ ነበር ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በጥቂት እርምጃ ይርቃል። ቤተ መንግሥቱን ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ አድርጎ አገሩን ቁልቁል ማየት ሲችል ፀሐይ በማይገባበት ዋሻ ውስጥ፣ ከመቅደሱ በር ፊት መቀመጥን የመረጠ ንጉሥ እንዴት ያለ ልማድ እንደ ነበረው ቤቱ ራሱ ይመሰክራል። ወደ ቅዳሴ ለመሄድ መሰናዶና አጃቢ አያስፈልገውም ነበር። ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል።

የንጉሡ ዝና ከአገር ውጭ እንደ ወጣም ይነገራል። አልቫሬዝ እንደ ጻፈው የእስክንድርያው ፓትርያርክ የዚህን ንጉሥ ቅድስና ሰምቶ ሊያየው መጥቶ በዚያው አርፎ ተቀብሯል፤ መቃብሩንም አሳይተውታል። ከዋሻው ጀርባ ደግሞ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከማችቶ ይታያል፤ ሳይበሰብሱ የደረቁ አካላትም አሉ። ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ወደዚህ ቅዱስ ንጉሥ ዘንድ የመጡና እዚሁ መሞትን የመረጡ ተሳላሚዎች ናቸው ሲሉ ካህናቱ ያስረዳሉ። ዐፅሞቹ እነማን እንደ ነበሩ በየስማቸው የሚነግረን የለም። ያም ሆኖ ያን ሁሉ ሰው ወደዚያ ተራራ የሳበው ወርቅ ወይም ሹመት እንዳልነበረ ከቦታው ርቀትና ከኑሮው ጥበት እንረዳለን።

በላስታ ሰው ዘንድ የይምርሐነ ክርስቶስ ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር አይደለም። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የሚጾመው የነቢያት ጾም በዚያ አገር እጅግ የከበረ ነው። ገበሬው አዝመራውን የሚሰበስበው፣ አውድማውን የሚወቃው በዚሁ የጾም ወራት ነው፤ ጕልበት የሚጠይቀውን ሥራ በባዶ ሆድ ይሠራል። ጾሙን ፈትቶ በልደት ማግሥት ወደ ውግረ ስሂን የሚወጣው ተሳላሚም ቢሆን ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ዛሬ ተሽከርካሪ ወደ አቅራቢያው የሚደርስ ቢሆንም በእግር መሄዱን እንደ ስእለት የሚቈጥሩት ጥቂቶች አይደሉም። በመንገዱ ላይ ያሉ የብልባላ ገጠር ሰዎች ከቤታቸው የተገኘውን ቆሎና ጠላ አቅርበው መንገደኛውን ይቀበላሉ፤ እግር ያጥባሉ።

ንጉሡ በትውፊት መሠረት 40 ዓመት ነግሦ አረፈ። መታሰቢያ በዓሉ በየዓመቱ ጥቅምት 19 ቀን ይውላል። ከእርሱ በኋላ ዙፋኑ የአጎቱ የዣን ስዩም ልጅ ለሆነው ለሐርቤ፣ ከእርሱም በኋላ ለሐርቤ ወንድም ለላሊበላ ተላለፈ። ላሊበላም በወጣትነቱ በዙፋን ምክንያት መሰደዱ ይተረካል። ታሪኩ ከይምርሐነ ክርስቶስ ስደት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል አንዱ ገድል የሌላውን መንገድ ተከትሎ ሳይሆን አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ምናልባት ግን የዛጉዌ ቤት እውነታው ራሱ እንዲህ ነበረ፤ በዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ሁሉ ከዙፋኑ አስቀድሞ ስደቱን ያውቅ ነበር።

ላሊበላ ከዐለት የፈለፈላቸው አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ዓለም ያወቃቸው ሲሆኑ የዘመዱ ሥራ በጽዱ ጫካ ውስጥ፣ በዋሻው ጥላ ሥር በጸጥታ ቆይቷል። የይምርሐነ ክርስቶስ መቃብር በዚያው ዋሻ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ይገኛል። በመጋረጃ የተሸፈነ ነው። ተሳላሚዎቹ መጋረጃውን ስመው፣ ከመቃብሩ አጠገብ ያለውን አፈር ለእምነት ቈንጥረው፣ በመጡበት የብልባላ መንገድ ቁልቁል ይወርዳሉ።